ስለ ጉበት ካንሰር ሕክምና ጠይቃችሁናል

ጥያቄ፦ የአባቴ ዕጢ አንድ ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር። አንዱ ሐኪም ኦፕራሲዮን ሲል ሌላው ንቅለ ተከላ አለን። የትኛው ዕድሜ ያረዝማል?

መልስ፦ የዕጢውን መጠን ነገሩን እንጂ የጉበቱን ሁኔታ አልነገሩንም፤ የሁለቱ ሐኪሞች ልዩነት የመጣውም ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ቻይልድ ፒዩ የሚባለው የጉበት አቅም መለኪያ አምስት ነገር ያያል፦ ቢሊሩቢን (ዓይን ቢጫ የሚያደርገው)፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን)፣ የደም መርጋት፣ ሆድ ውስጥ የተቋጠረ ውሃ እና የአእምሮ መደናገር። 5 ወይም 6 ነጥብ ‘ኤ’፣ ከ7 እስከ 9 ‘ቢ’፣ ከ10 ጀምሮ ‘ሲ’ ይባላል፤ ‘ኤ’ የተሻለው፣ ‘ሲ’ የከፋው ነው። አባትዎ ‘ኤ’ ከሆኑ፣ ፕሌትሌታቸውም (ደም የሚያረጉት ሕዋሳት) ካልወረደ ዕጢውን ቆርጦ የሚያወጣው ኦፕራሲዮን ይቀድማል። ጉበቱ በሲሮሲስ (በጉበት ጠባሳ) ክፉኛ የተጎዳ ከሆነ ግን ዕጢው ቢወጣም የተረፈው ጉበት ሥራውን ላይችለው ይችላል፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ዓይን ቢጫ የሚሆነው፣ ሆድም የሚነፋው ለዚህ ነው። ያኔ ንቅለ ተከላ ዕጢውንም ሲሮሲሱንም አብሮ ያነሳል። የንቅለ ተከላ መስፈርቱ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ሚላን ላይ የወጣው ነው፦ አንድ ዕጢ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ወይም እስከ ሦስት ሆነው እያንዳንዳቸው ከ3 ያልበለጡ፣ የደም ሥር ውስጥ ያልገቡ። በዚያ ጥናት ከ4 ዓመት በኋላ 75 በመቶው በሕይወት ነበሩ።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮን የተደረጉት ዓመታት፣ መድኃኒት የወሰዱት ወራት ይኖራሉ ሲባል ሰማሁ። መድኃኒቱ አይረባም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኦፕራሲዮን የሚደረገው ቀድሞ ለተደረሰበት ሰው ነው፤ መድኃኒት የሚሰጠው በሽታው ለተስፋፋበት። ሁለቱን ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚወዳደረው ተመሳሳይ ሕመምተኛ ነው፦ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ጥናት ሶራፌኒብ የተባለውን የካንሰር ኪኒን የወሰዱት መካከለኛ የመኖር ጊዜ 10.7 ወር፣ ያልወሰዱት 7.9 ወር ሆነ። በኋላ በደም ሥር የሚሰጡት አቴዞሊዙማብ ከቤቫሲዙማብ ጋር 19.2 ወር ሲያስገኝ ሶራፌኒብ 13.4 ላይ ቀረ። ቤቫሲዙማብ ደም ሊያፈስ ስለሚችል መጀመሪያ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ) የምግብ ቧንቧው ደም ሥሮች ይታያሉ፤ ያበጡ ካሉ ይታሰራሉ። ይህን ምርመራ ማንም አይዝለልብዎ።

ጥያቄ፦ ዕጢውን በመርፌ ማቃጠልስ?

መልስ፦ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከኦፕራሲዮን ብዙም አይተናነስም። ከ3 ሲያልፍ ግን ጠርዙ ላይ ሳይቃጠል የሚቀር አለ። ትልቅ ደም ሥር አጠገብ ከሆነም የሚያልፈው ደም ሙቀቱን ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ ዕጢው ከወጣልኝ የሄፓታይተስ ቢ ኪኒኔን ላቁም?

መልስ፦ በጭራሽ! ቫይረሱ እዚያው ነው፤ ካቋረጡ ጉበቱ በድንገት ሊቆጣ ይችላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ ዕጢ ዳግም ይታያል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ሲቲ ወይም ኤም አር አይ፣ ከዚያም በየ6 ወሩ ይነሱ።