የሰጠሁት ብር ለአረቄ ቢውልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በየወሩ በ7 ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስሳለም በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን እሰጥ ነበር። አንድ ቀን ግን የሰጠሁት ሰውዬ ወዲያው ሄዶ አረቄ ሲጠጣበት በዓይኔ አየሁ። «ኃጢአቱ ለእኔም ይተርፋል» ብዬ ለማንም መስጠት አቆምኩ። መጽሐፉም «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ይላል። ሆኖም «ስለ ሥላሴ» ሲሉኝ ዝም ብዬ ማለፉ እየከበደኝ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅታችን፣ ምጽዋት የታዘዘ መሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽና እሱን አልደግምልሽም። «ኃጢአቱ ለእኔም ይተርፋል» የሚለው ስጋት ግን የአንቺ ብቻ አይደለም። ብዙ ምእመናን በዚሁ ምክንያት እጃቸውን ሰብስበዋል፤ የሰበሰቡትም ለጽድቅ ይመስላቸዋል።

ጌታ «ለሚለምንህ ስጥ» ባለበት ምዕራፍ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የሰማዩ አባታችን በክፉዎችም በበጎዎችም ላይ ፀሐዩን እንደሚያወጣ ተናግሯል (ማቴ. 5፥42-45)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ አልዓዛር ሲያስተምር መጽዋችን በወደብ መስሎታል፤ ወደብ መርከባቸው የተሰበረባቸውን ሁሉ ይቀበላል እንጂ ክፉና ደጉን አይለይም። ሰውዬው አታሎሽ ከሆነ የማታለሉ ዕዳ የእሱ ነው። አንቺ የምትጠየቂው በእጅሽ ስለነበረው ነው። ያ ባለጠጋም አልዓዛርን መታው ወይም ሰደበው ተብሎ አልተጻፈበትም፤ አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ነበር፣ እሱም በየቀኑ እየተደሰተ ይኖር ነበር። ሲኦል ለመውረድ ይኸው በቃው (ሉቃ. 16)።

የጠቀስሽው የሐዋርያው ቃል ስለ ሌላ ነገር የተነገረ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የጻፈው በአንድ ማኅበር ውስጥ ለሚተዋወቁ፣ ሥራ ሳይሠሩ በሰው ጉዳይ እየገቡ ለሚዞሩ ወንድሞች ነው። «የማይወድ» አለ እንጂ «የማይችል» አላለም። ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎም «መልካም ሥራን ለመሥራት አትታክቱ» ሲል አሠረላቸው (2ኛ ተሰ. 3፥10-13)። ቁጥር 10ን በቃሉ የያዘ ሰው ቁጥር 13 ላይ ሳይደርስ መጽሐፉን ባይዘጋ መልካም ነበር። ዓይነ ስውሩን፣ ጧሪ የሌላቸውን እናት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ ጎንደር የገባውን አባወራ፣ ሸክም ወገቡን የሰበረውን ወዛደር ከሰነፉ ለይተሽ ለመፍረድ በመንገድ ማለፍ አይበቃም።

ታዲያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስጪ እያልኩሽ አይደለም። «ይገባዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ፍርድ ነው፤ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው። «ምን ይጠቅመዋል?» ብሎ መጠየቅ ግን ፍቅር ነው፣ ይኼ የአንቺ ነው።

መጀመሪያ ልክ አብጂ፤ ከአሥራትሽ ግን አትቀንሺ፣ አሥራት ለብቻው ነው። በወር 600 ብር ብትመድቢ፣ 200ውን በአምስትና በአሥር ብር ዘርዝረሽ ለመንገድና ለደጀ ሰላም ያዢ። 400ውን ግን በሠፈርሽ ለምታውቂው አንድ ቤት አድርጊው፤ ለማኝ መስሎ ለመታየት አፍሮ የሚራብ ሰው ብዙ ነውና። የወር መድቡ ሲያልቅ «የለኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ» በይ፤ ግን ፊቱን እያየሽ። ሞልቶሽ ሳለ እንዲህ ብለሽ ብታልፊ ያዕቆብ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ያሉትን የወቀሰው አንቺንም ያገኝሻል (ያዕ. 2፥16)።

በዓል ቀን በር ላይ ቆሞ መበተን ጉዳት አለው። ጉልበት ያለው ተጋፍቶ ሁለት ሦስቴ ይወስዳል፣ ዓይነ ስውሩና ሽባው ባዶውን ይቀራል። ሁሉም እንደተቀመጡ ከዳር፣ መነሣት ከማይችሉት ጀምሪ። ብሩን አትወርውሪ፣ በእጃቸው አስይዢ፤ ለዓይነ ስውር ስንት እንደሆነ ንገሪው። ዳቦ ከሆነ ቤትሽ ቆርሰሽ እኩል አድርገሽ ነይ፤ እዚያ መቁረስ ከጀመርሽ ግፊያው ይነሣል። ያን የኪሩቤል ፊት የሞላበትን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አንጋጦ ጸልዮ የወጣ ሰው በሩ ላይ የተቀመጠውን ፊት ሳያይ ሲያልፍ እጅግ ያሳዝነኛል።

ሕፃናት ሲለምኑሽ ገንዘብ አትስጪ። ልጁ ብር ባመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት ይርቃል፣ የላከውም ሰው ካለ ነገ መልሶ ይልከዋል። ዳቦ ገዝተሽ ቆርሰሽ ስጪው፣ ብስኩት ከሆነ ማሸጊያውን ክፈቺው፤ ያልተከፈተው ተመልሶ ሱቅ ሊሸጥ ይችላል። ማስቲሽ የሚስበውንም እንዲሁ፤ ይብላ፣ ብሩ ግን ይቅርበት። የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ለሚለምን አብረሽው መድኃኒት ቤት ሂጂና ለባለሙያው ክፈዪ። «መሳፈሪያ ጎደለኝ» ላለሽ ጊዜ ካለሽ መናኸሪያ ወስደሽ ትኬት ቁረጪለት።

የቆሎ ተማሪ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅሽ ሲቆም ትምህርቱን እየተማረ ነው፤ ልመናው ትሕትናን የሚማርበት ነው። እሱን «ሥራ አትሠራም?» ማለት ነውር ነው፣ ያውም በዚህ የበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት) በሚቀጸልበት አገር። እንጀራ ስትሰጪው ወጥ ያልነካው ይሁን፤ ወጥ የነካው አኩፋዳው (የምግብ መያዣው) ውስጥ ይሻግትና ሌላውንም ያበላሽበታል። ደረቁን ግን ድርቆሽ አድርጎ ሳምንት ይበላዋል።

አሁን ወደዚያ ሰውዬ ልመለስ። ለእሱ ብር አትስጪው፤ እሱን ግን አትተዪው። ቅርብ ካለ ምግብ ቤት ሽሮ አዝዘሽለት ሒሳቡን ለባለቤቷ ክፈዪ። እየበላ ሳለ ስለ መጠጥ አትስበኪው፣ የክርስትና ስሙን ጠይቂው። ሌላ ቀን ሳይጠጣ ስታገኚው መተው ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው። እሺ ካለ ጠበል ውሰዱት፤ ብቻውን ግን አይሂድ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱን ያንቀጠቅጠውና ራሱን ያስተዋል፣ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። «መንፈስ ነው» ብላችሁ አትያዙት፤ አስቀድማችሁ ሐኪም ቤት አሳዩት፣ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት እየወሰደ ይጠመቅ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም።

ፊትሽን አዙረሽ ያለፍሻቸውን ወራት በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ወር እጥፍ ሰጥቼ አካክሳለሁ እንዳትዪ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እሳቸው የሚሉሽን ፈጽሚ።