ደብተሩን ሸፍኖ ማጥናት

«ጋሼ፣ የታሪክ መምህራችን ሰሌዳውን ሞልተው ወዲያው ያጠፉታል። ስገለብጥ ንግግራቸው ያመልጠኛል፤ ሳዳምጥ ጽሑፉ ይቀርብኛል።» የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከኮዬ ፈጬ

መጽሐፍሽ ላይ ያለውን ለምን ትገለብጫለሽ? የገጹን ቁጥር ጽፈሽ እለፊው። መምህሩ ከሰሌዳው ዞር ብለው «ምክንያቱም» ሲሉ ነው ጆሮሽን መስጠት። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ የትም አይጠፋም። የውጫሌ ውል ለምን እንዳጣላ ግን «አንቀጽ 17፦ አማ. ቢፈልጉ፤ ጣል. ግዴታ» ብለሽ በአንድ መስመር ያዢው። የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ ይችላሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ያስገድዳቸው እንደነበር ማታ ከዚያች መስመር ይመዘዝልሻል።

«ልጄ ማታ ማታ ማስታወሻውን በሦስት ቀለም ሌላ ደብተር ላይ ይገለብጣል። ሲያዩት ያምራል፤ ውጤቱ ግን ፈቀቅ አላለም።» እናት፣ ከየካ አባዶ

የሚያጠናው እጁ ነዋ! ቀለሙን ይተውና ማስመሪያ ያንሣ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ፓውክ ያስተዋወቀው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ከገጹ በስተግራ ሲሶ ያህሉን በመስመር መለየት፤ ክፍል ውስጥ በቀኝ በኩል ብቻ መጻፍ፤ ማታ ከየሐሳቡ ትይዩ በግራ ጥያቄ ማስፈር፤ ከግርጌ ጠቅላላውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ማሳጠር። ከዚያ ቀኙን ሸፍኖ ጥያቄዎቹን በቃል መመለስ። እዚህ ላይ እርስዎ ይግቡ። ትምህርቱን ባያውቁትም ቡናውን እየቆሉ ይጠይቁት፤ የተንተባተበበትን ብቻ ምልክት አድርጎ መልሶ ያንብብ። መጀመሪያ ሰሞን ይነጫነጫል። ሸፍኖ መመለስ ገልብጦ ከማስዋብ በጣም ይከብዳል፤ የሚጠቅመውም ስለሚከብድ ነው።

«ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ ማንሣትስ?» የኮሌጅ ተማሪ፣ ከሰበታ

ለሥዕልና ለሠንጠረዥ ይሁን፤ በዚያው ምሽት ወደ ደብተር ከተመለሰ። እኔም ስልኬ ውስጥ «በኋላ አየዋለሁ» ያልኩት የመብራት ደረሰኝ ፎቶ ሦስት ዓመት ሞልቶታል።

«ቤት ስደርስ ይመሻል፤ መብራትም ይጠፋል። መቼ ልከልስ?» የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቱሉ ዲምቱ

አውቶቡስ ሰልፍ ላይ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ በአውሮፓውያኑ 1885 ባሳተመው ጥናት፣ መርሳት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ደብተርህን ሳትከፍት የዛሬውን ትምህርት በልብህ አውጣው፤ የጎደለህን ወንበር ስታገኝ ከደብተርህ ፈልግ። በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገመው። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ ያየ ተሳፋሪ ጸሎት እያደረስክ ይመስለዋል፤ ይምሰለው።