አምስት ወር ያልሻረ የአህያ ገጠባ

ጥያቄ፦ «አህያዬ ጀርባዋ ላይ፣ ሰረሰሯ ዳር፣ መዳፍ የሚያህል ገጠባ ካወጣች አምስት ወር አለፋት። ቅባት ቀባሁላት፣ መርፌ ሦስት ጊዜ አስወጋኋት፣ ሰው የነገረኝን ሁሉ ሞከርኩ፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንኳ አልቀረኝም። ቅርፊት ይዞ ይደርቅና ጭነት ስትጀምር ያመረቅዛል። አሁን ደግሞ መሽተት ጀምሯል። እንዲህ ላለው የከረመ ቁስል ለየት ያለ ሕክምና ካለ ቢነግሩኝ።»

መልስ፦ ለየት ያለ ሕክምና አለ፤ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄዎ ውስጥ ያለች አንዲት ሐረግ ያዘችኝ፤ «ጭነት ስትጀምር» ያሏት። ቁስሉ ሊሽር ሲል እየተጫነ ነው የከረመው። ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም፤ የገጠባ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ገጠባ ከላይ ተፍቆ የቆሰለ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ጭነቱ ቆዳውንና ሥጋውን ከአጥንቱ ጋር ያጣብቃቸዋል፣ ደም ሥሮቹ ይታፈናሉ፣ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፤ ቆዳው የሚላጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መዳፍ ያህላል ያሉት ቁስል ከሥሩ ሊሰፋ ይችላል። ቅርፊት መያዙም አያታልልዎ፤ ከሥሩ መግል ያቆረ ቅርፊት ስንት ጊዜ አንስቻለሁ። መሻር የሚታወቀው በጠርዙ ዙሪያ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ ያለው ስስ ቀለበት ሲወጣ ነው። ያ አዲሱ ቆዳ ነው። እሱም ወደ መሀል የሚሳበው፣ ሁሉ ነገር ተመችቶት እንኳ፣ በቀን የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የአንድ ቀን ጭነት የወሩን ሥራ ገፎት ይሄዳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕክምና ከጭነት ማሳረፍ ነው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ብቻ ሳይሆን ቆዳው ሙሉ በሙሉ ገጥሞ፣ በአውራ ጣት ጫን ሲሏት ጀርባዋን ዝቅ አድርጋ መሸሽ እስክትተው ድረስ። ወራት ሊወስድ ይችላል። ቁስሉ እንዳይነካ ብለው ግላሱን በክብ ቀደው እንዳይጭኗት ደግሞ አደራ። የቀዳዳው ዳር ዙሪያውን ስለሚጫን ወደ ቁስሉ የሚሄደውን ደም ይዘጋበታል።

አሳርፈዋትም ካልሻረ ውስጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የሞተ ሥጋ፣ እሾህ፣ የገመድ ክር፣ የሞተ አጥንት ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ትከሻዋ መሀል ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ያላት በቅሎ መጣችልኝ። ቀዳዳው ይደፈናል፣ በአሥር ቀኑ መግል ይዞ ይፈነዳል። የተቀቀለ መመርመሪያ ዘንግ ቀስ አድርጌ ባስገባ የመሀል ጣቴን ያህል ገባና ጠጣር ነገር ነካ። ተከፍቶ ሲታይ የጥፍር ስባሪ የምታክል የሞተች አጥንት ወጣች። ያቺ እስካለች ድረስ የዓለም መድኃኒት ቢፈስስበት አይሽርም ነበር። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን የትከሻ ቀዳዳ ያለ ጓንት እንዳይነኩ። አንዳንዴ የብሩሴላ ተሕዋስ ይኖርበታል፤ እሱ ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል።

የእርስዎ አህያ ቁስል መሽተቱ የሞተ ሥጋ እንዳለ ያስጠረጥረኛል። ጤነኛው ሥጋ ቀይና እርጥብ ነው፣ ሲነካ ቶሎ ይደማል። የሞተው ግራጫ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ ሆኖ ይዝለገለጋል፤ አይደማም። ይህን ቆርጦ ማንሳት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ከሰረሰር አጠገብ በቤት ምላጭ አይሞከርም። «ለየት ያለ ሕክምና» ብለው የጠየቁኝ ዋናው እሱ ነው፤ የከረመውን ቁስል መልሶ አዲስ ቁስል ማድረግ። ሦስቱ መርፌዎች ያልሠሩትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፣ የሞተ ሥጋ ደግሞ ደም የለውም። ትኩሳት ካላት ወይም እብጠቱ ዙሪያውን እየሰፋ ከሄደ ግን መርፌው ቦታ አለው፤ ያኔም ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን ሳያቋርጡ መጨረስ ነው። የአዋቂ አህያ ጤነኛ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 38.5 ያለፈ ዝም አይባልም።

የዕለት እጥበቱ የእርስዎ ድርሻ ነው። መጀመሪያ በጨው ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ያኑሩና ዙሪያውን ያለውን ፀጉር ይከርክሙ፤ ጨርቁ የተቆረጠው ፀጉር እንዳይገባበት ነው። 1 ሊትር ውሃ አፍልተው 9 ግራም ጨው ይጨምሩበት፤ ለጥ ያለ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህላል። ለብ ሲል በትልቅ ሲሪንጅ፣ ከሌለም ክዳኑ በተበሳ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ገፋ እያደረጉ ያጥቡት። መፈተግ አያስፈልግም። 10 በመቶ የሆነው ፖቪዶን አዮዲን (ቡናማው የቁስል ማጽጃ) ካለዎት ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ ያቅጥኑት፤ ሳይቀጥን ከተደረገ የሚያድገውን ሥጋ ያቃጥላል። የሞተር ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ ነዳጅ፣ ትኩስ ብረት የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ቁስሉ «ደረቀ» የሚባለው ላዩ ስለተቃጠለ ነው።

ከታጠበ በኋላ ምን ይደረግበት ካሉኝ እኔ ማር እመርጣለሁ፤ ያልፈላ፣ ያልተቀላቀለ። ስኳሩ ከቁስሉ ፈሳሽ ይስባል፣ ኮምጣጣነቱ ተሕዋስ አያስረባም፣ ከዚያም ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባለውን ተሕዋስ ገዳይ ጥቂት ጥቂት እያለ ያመነጫል። ግን ማር ተቀብቶ ሜዳ ከተለቀቀች ዝንብና ንብ ይሰፍርባታል፤ መሸፈን አለበት። ጀርባ ላይ ፋሻ አይቆምም ይሉኝ ይሆናል። ሐኪሙ በቁስሉ ዙሪያ ቆዳው ላይ ጥቂት የክር ቀለበቶች ይሰፋልዎታል፤ ከዚያ ማር የነካውን ፋሻ ቁስሉ ላይ አድርገው እንደ ጫማ ማሰሪያ ከቀለበት ቀለበት ማሰር ነው። ብዙ ሲያዥ በየቀኑ፣ ሲቀንስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀይሩት። ትል ካዩበት ፋሻው ሥር አይተዉት፤ እየለቀሙ ያውጡ።

አህያና ፈረስ መንጋጋ ቆልፍ ቶሎ ይይዛቸዋል። ክትባት ካልወሰደች ሐኪሙ ዘንድ ስትሄድ ይህንንም ያንሱለት።

እየሻረ መሆኑን በዓይን ግምት አይወስኑ። በሚያሳይ ላስቲክ ላይ የቁስሉን ጠርዝ በየሳምንቱ በእስክሪብቶ ነድፈው ያስተያዩ። አሳርፈዋትና በደንብ አጥበዋት በሁለት ሳምንት ካልጠበበ ነገሩ ተራ ገጠባ ላይሆን ይችላል። ሩዝ የመሰለ ቢጫ ፍንጣሪ ካለበትና በዝንብ ወቅት የሚብስ ከሆነ ዝንብ ያመጣው የጨጓራ ትል እጭ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አይቨርሜክቲን የሚባለው የትል መድኃኒት ያጠፋዋል። ኪንታሮት መስሎ የሚያብጥና የሚደማ ከሆነ ደግሞ ሳርኮይድ የሚባለው የቆዳ ዕጢ ይጠረጠራል፤ በጎደሎ ከተቆረጠ ብሶ ስለሚመጣ በናሙና ሳይረጋገጥ ቢላዋ አይነካውም።

ሽሮላት ወደ ሥራ ስትመለስ ጠባሳው ላይ ነጭ ፀጉር ይበቅል ይሆናል፤ ጉዳት የለውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በቀላል ጭነት አጭር መንገድ ያስኪዷትና እንደተመለሰች፣ ላቧ ሳይደርቅ፣ ግላሱን አንስተው ጀርባዋን ይዩ። ዙሪያው በላብ ርሶ መሀሉ ላይ ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካገኙ ጭነቱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ግላሱን አስተካክለው፣ ጭነቱ በሰረሰሯ ግራና ቀኝ ወፍራም ሥጋ ላይ እንዲያርፍ፣ ሰረሰሯ ላይ ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት እንዲቀር ሳያደርጉ በማግስቱ አይጫኗት።