የምንፈራውና የምንሸሸው፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ በሥነ ልቦና ምክር ሥራ ረጅም ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ አብዛኛው ጊዜዬም ያለፈው ከፍታን፣ መርፌን፣ ጠባብ ክፍልን፣ ውሻንና በሰው ፊት መናገርን ከሚፈሩ ሰዎች ጋር ነው። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። በጽሑፍ ብቻ ለማንም የሕመም ስም አልሰጥም፣ መድኃኒትም አላዝም። ደግሞም “ፍርሃትን እንዴት ላጥፋ?” ብላችሁ ብቻ አትጠይቁኝ፤ ምን እንደምትፈሩ፣ መቼ እንደጀመራችሁና ፍርሃቱ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ ንገሩኝ። በተለይ የመጨረሻው አይቅር።

ደረጃ ወጪ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው 9ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አሳንሰር ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ተዘግቶብኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምወጣውም የምወርደውም በደረጃ ነው። ለጤና ይበጃል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ቆየሁ፤ በቅርቡ ግን የተሻለ ሥራ አግኝቼ ቢሮው 20ኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስሰማ ሳልቀበለው ቀረሁ። ጊዜ ይፈውሳል ይባል የለም? የእኔ ፍርሃት በአራት ዓመት ውስጥ ባሰበት እንጂ አልቀነሰም።

መላሽ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። የእርስዎን ፍርሃት ጊዜ ሊፈውሰው አልቻለም፤ ምክንያቱም አራቱን ዓመት ያሳለፉት ደረጃው ላይ እንጂ አሳንሰሩ ውስጥ አይደለም። ኦርቫል ሞውረር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1947 ነገሩን በሁለት እርከን ከፍሎ አስረድቶታል። በመጀመሪያው እርከን፣ ቀድሞ የማያስፈራ ነገር ከሕመም ወይም ከድንጋጤ ጋር ይጣመርና መፈራት ይጀምራል፤ የእርስዎ የተዘጋ በር ይህ ነው። በሁለተኛው እርከን፣ ሰውየው ከዚያ ነገር በሸሸ ቁጥር እፎይታ ያገኛል፤ እፎይታውም እንደ ሽልማት ሆኖ ሽሽቱን ያጠናክረዋል። ጠዋት ከአሳንሰሩ በር ፊት ደርሰው ወደ ደረጃው ዞር ሲሉ ደረትዎን ቅልል ይለው የለ? ለአራት ዓመታት ፍርሃትዎን ሲቀልብ የኖረው ያ ቅለት ነው። ከዚያም በላይ፣ መሸሽ ማስረጃ ያሳጣል። አሳንሰሩ ውስጥ ቢገቡ ምን ይሆን እንደነበር አንድም ቀን ስላላዩ፣ አእምሮዎ እስከ ዛሬ በደህና የኖሩት ደረጃውን ስለመረጡ ነው ብሎ ያምናል።

ስለዚህ መንገዱ ወደ አሳንሰሩ መመለስ ነው፤ ሆኖም በራስዎ ፈቃድና በራስዎ መጠን ይሁን። ከመግባትዎ በፊት ይሆናል ብለው የሚፈሩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ለምሳሌ “አየር አጥሮኝ እወድቃለሁ” ይበሉ። ከዚያ አንድ ፎቅ ብቻ ይሂዱ፤ ሲወጡ ጽሑፉን ከሆነው ነገር ጋር ያነጻጽሩ፤ በዚያው ቀን ደጋግመው ይሂዱ። ልብዎ መምታቱ አይቀርም። ዓላማው ልብ እንዳይመታ ማድረግ ሳይሆን፣ የተነበዩት ነገር አለመድረሱን ልብዎ እየመታም ቢሆን ማየት ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ልበልና ወደ ሌላው ልለፍ፤ የአሳንሰር ክፍል አየር የማያስገባ ሳጥን አይደለም፣ ክፍተቶች አሉት።

ሞጋች፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚባለው ነገር ማባበል ይመስለኛል። እኔን አባቴ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወርውሮኝ ነው ዋና የተማርኩት። ፍርሃት በአንድ ቀን ይወጣል።

የዳር ሰው፦ እኔንም ወርውረውኛል። እነሆ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ፣ ከጉልበቴ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። እርስዎ ስለወጣልዎ የሁሉም ሰው ይወጣል ማለት ነው?

ሞጋች፦ ምናልባት እርስዎ ቶሎ ተስፋ ቆርጠው ይሆናል።

የዳር ሰው፦ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ!

መላሽ፦ ሁለታችሁም ትንሽ ረጋ በሉ። ፍጥነቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ የስዊድኑ ተመራማሪ ላርስ ጎራን ኧስት እስከ ሦስት ሰዓት በሚዘልቅ አንድ ቆይታ ብቻ ሸረሪት ወይም መርፌ የሚፈሩ ሰዎችን ሲያክም ኖሯል። ልዩነቱ ያለው በፈቃድ ላይ ነው። በዚያ ቆይታ ቀጣዩን እርምጃ የሚፈቅደው የሚፈራው ሰው ራሱ ነው፣ ያልተነገረው ነገርም አይደረግበትም። የተወረወረ ልጅ ከውሃው ሌላ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ የሚያምነው ሰው ሊወረውረው እንደሚችል። የሚቀጥለው ጠያቂ።

ተስፋ፦ ፍርሃትን ከሕይወቴ እንዴት ላጥፋ?

መላሽ፦ መግቢያውን ያንብቡ።

ነጭ ጋዋን፦ መርፌ ሳይ ብቻ ሳይሆን ሳስበውም ያዞረኛል፤ ሁለት ጊዜ ራሴን ስቻለሁ። በዚህ የተነሳ የደም ምርመራ ማድረግ ከነበረብኝ ዓመት አልፎኛል። “ዘና በል፣ በረጅሙ ተንፍስ” ይሉኛል፤ እንዳሉኝ ሳደርግ ግን ይብስብኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መላሽ፦ እርስዎ ጤናማ ሰው ነዎት፤ ምክሩ ነው የተሳሳተው። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በሌሎች ፍርሃቶች ሁሉ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ይላሉ፤ ለዚህ ነው ከውሻ ወይም ከከፍታ ፍርሃት የተነሳ ራሱን የሚስት ሰው አይገኝም ለማለት የሚያስደፍረው። የደም፣ የቁስልና የመርፌ ፍርሃት ግን ሁለት ፊት አለው፤ መጀመሪያ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ይልና ወዲያው በድንገት ያሽቆለቁላል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ያንሳል፣ ሰውየው ይወድቃል። እየወረደ ያለን ግፊት በመዝናናት ይበልጥ ማውረድ ለመውደቅ መንገድ መጥረግ ነው።

መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፤ ያው ኧስት ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቀው ጡንቻን የማጠንከር ዘዴ። ተቀምጠው የክንድዎን፣ የእግርዎንና የሆድዎን ጡንቻዎች አንድ ላይ አጥብቀው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይያዙ፣ ፊትዎን ሙቀት ሲሰማው ይልቀቁ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ቆይተው ይድገሙ፤ አምስት ጊዜ። ሲለቁ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለሱ እንጂ ፈጽመው አይዝለፍለፉ። ቤትዎ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ከተለማመዱ በኋላ የመርፌ ሥዕል እያዩ ያድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ወደ ምርመራው ይሂዱ። መርፌው የሚገባበትን ክንድ ብቻ ልል አድርገው ይተዉት። ራስን የመሳት ነገር ያለ መርፌና ያለ ደም የሚመጣባችሁ ሰዎች ግን ይህ መልስ እናንተን አይመለከትም፤ ሐኪም ይያችሁ።

ሌሊት፦ ከከፍታ ስወድቅ አልማለሁ። ምን ማለት ነው?

መላሽ፦ ሕልም አልፈታም።

ልጅ አሳዳጊ፦ የአራት ዓመት ልጄ ጨለማ ይፈራል፤ መብራቱን ካላበራሁለት አይተኛም። ፍርሃት ከተፈጥሮ ነው ወይስ ከእኛ የሚወርሱት?

ሞጋች፦ ሰው ይዞት የሚወለደው ሁለት ፍርሃት ብቻ ነው፤ መውደቅና ከፍተኛ ድምፅ። ሌላው ሁሉ የተማርነው ነው። ይህ የታወቀ ነገር ነው።

መላሽ፦ የታወቀ ሳይሆን የተደጋገመ ነው። አራስ ልጅ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ወይም ድጋፍ ሲያጣ ይደነግጣል፤ ድንጋጤ ግን ቅጽበታዊ የሰውነት ምላሽ ነው፣ ፍርሃት ደግሞ ስለሚመጣው አደጋ ማወቅን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሊኖር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሕፃናትን ገደል በሚመስል ጥልቀት ላይ በተዘረጋ መስታወት አጠገብ አስቀምጠው ነበር፤ መዳህ ከቻሉት ብዙዎቹ እናታቸው ብትጠራቸውም መስታወቱን አልተሻገሩም። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ገና ያልዳሁትን ሕፃናት መስታወቱ ላይ ሲያስተኟቸው ግን የልጆቹ የልብ ምት ከፍ ማለቱ ቀርቶ ቀነሰ፤ ማለትም ጥልቀቱን ያዩት በፍርሃት ሳይሆን በጉጉት ነበር። የከፍታ ፍርሃት እንኳ ልጁ መዳህ ከጀመረ በኋላ የሚበስል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁሉም በትምህርት ነው ብሎ መደምደምም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዋ ሱዛን ሚኔካና ባልደረቦችዋ በቤተ ሙከራ ያደጉና እባብ አይተው የማያውቁ ጦጣዎችን፣ ሌላ ጦጣ እባብ ፈርቶ ሲሸሽ የሚያሳይ ፊልም አሳዩአቸው፤ ተመልካቾቹ ወዲያው እባብን መፍራት ጀመሩ። ፊልሙ ተቀናብሮ ያው ጦጣ ከአበባ የሚሸሽ መስሎ ሲታያቸው ግን አበባን አልፈሩም። ፍርሃቱን ይዘውት አልተወለዱም፤ አንዳንዱን ነገር ለመፍራት ግን ተሰናድተው ተወልደዋል።

ለእናት ወይም ለአባት ትልቁ ቁም ነገር “ሲሸሽ ማየት” የሚለው ነው። ልጅ የወላጁን ፊት እያነበበ ይማራል። በአራት ዓመት ዕድሜ ጨለማን መፍራት የሚጠበቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ያልፋል፤ ልጅዎን አይሳቁበት፣ አያስፈራሩት፣ በየሌሊቱም አልጋዎ ውስጥ አያስገቡት። መብራቱን በአንድ ጊዜ አያጥፉበት፤ ደብዘዝ ያድርጉት፣ ከሳምንት በኋላ ወደ መተላለፊያው ያርቁት። የሥነ ልቦና ምሁሯ ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል ይፈራ የነበረውን ፒተር የተባለ ሕፃን የረዳችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልጁ የሚወደውን ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ አስቀምጣ ቀስ በቀስ ታቀርብለት ነበር፣ በመጨረሻም በእጁ ዳሰሳት። ይህ ከሆነ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን አሁንም እንወረውራለን።

ሞጋች፦ ነገሩ ወደ እኔ መሆኑ ገብቶኛል።

መላሽ፦ እንዲገባዎ ነው የጻፍኩት።

አዲስ ገቢ፦ ሁልጊዜ እፈራለሁ። ፍርሃትን ለማጥፋት ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ምንን? መቼ? ያን ጊዜስ ምን ያደርጋሉ? ይህን ሳላውቅ የምሰጠው መልስ ለማንም የሚሆን፣ ስለዚህም ለማንም የማይሆን ነው።

ሰነድ አንባቢ፦ በስብሰባ ላይ መናገር እፈራለሁ፤ ሆኖም አልሸሽም፣ በየሳምንቱ እናገራለሁ። ከሰባት ዓመት በኋላም ፍርሃቱ አልቀነሰም። እርስዎ መሸሽ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አልሸሸሁም።

መላሽ፦ እርግጠኛ ነዎት? ሲናገሩ ከወረቀት ያነባሉ?

ሰነድ አንባቢ፦ አዎን፣ ቃል በቃል ጽፌ ነው የምገባው። እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዳይታይም ጠረጴዛውን እይዛለሁ፣ የማንንም ዓይን አላይም፣ እንዲያልቅልኝም እቸኩላለሁ።

መላሽ፦ እንግዲያው ሸሽተዋል፤ እግርዎ ብቻ ነው የቀረው። እነዚህን እኔ ምርኩዝ እላቸዋለሁ። ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳመለከቱት፣ የሰውን አስተያየት የሚፈራ ሰው በእንዲህ ዓይነት ጥንቃቄዎች ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚናገር፣ ንግግሩ በሰላም ሲያልቅ ምስጋናው ለጥንቃቄው ይሆናል፤ “ወረቀቱ ባይኖር ተዋርጄ ነበር” ይላል። በተጨማሪም ትኩረቱ ወደ ራሱ ስለሚዞር፣ የሰማውን የልብ ምት ሰው ሁሉ የሰማው ይመስለዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንዱን ምርኩዝ ብቻ ይጣሉ። ጠረጴዛውን ይልቀቁና እጅዎ ይንቀጥቀጥ፤ ከዚያ ሰዎቹ በእርግጥ ምን እንዳደረጉ ይመልከቱ። ሰባቱን ዓመት በከንቱ አላባከኑም፤ ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

ቀና ልብ፦ “የፈሩት ይደርሳል” ይባላል። እውነት ነው?

መላሽ፦ ስለ ሞትና ስለ አደጋ ከሆነ፣ መፍራት ምንም አያመጣም። ሰዎች እንዳይርቁኝ እፈራለሁ ብሎ ራሱ የሚርቅ ሰው ግን የፈራው ይደርስበታል፤ አድራሾቹም እግሮቹ ናቸው።

ጎማ፦ ከአውሮፕላን መኪና ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

መላሽ፦ መሪውን መያዝ ስሜቱን እንጂ አደጋውን አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በተጠለፉ አውሮፕላኖች በአሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ብዙ ሰዎች መብረር ትተው በመኪና መጓዝ ጀምረው ነበር፤ ጌርድ ጊገረንዘር የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በቀጣዮቹ 12 ወራት በዚህ ምክንያት 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰዎች በመንገድ ላይ እንደሞቱ ገምቷል። ይህም በተጠለፉት አውሮፕላኖች ተሳፍረው ከነበሩት ሰዎች ቁጥር በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ፈጣን፦ ለፍርሃት የሚወሰድ ጥሩ ክኒን ይጠቁሙኝ።

መላሽ፦ ከላይ ተናግሬአለሁ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የሚወስዱት ካለም በእኔ ጽሑፍ ተነሥተው እንዳያቋርጡት።

ተመራማሪ ነኝ፦ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ቢወጣ ፍርሃት ይጠፋል ይባላል። እውነት ነው?

መላሽ፦ በከፊል። በአንድ እጅግ ብርቅ በሽታ ምክንያት በሁለቱም ወገን ያለው አሚግዳላዋ የጠፋ አንዲት ሴት አለች፤ እባብና ሸረሪት አያስፈሯትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናት፣ 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበትን አየር አንድ ጊዜ እንድትስብ ሲደረግ በብርቱ ሽብር ተዋጠች። የመታፈን ፍርሃት በሌላ መንገድም ይመጣል ማለት ነው። ደግሞ ፍርሃት አልባነትን አትመኙ፤ አደጋን አስቀድሞ አለማየት ዋጋ ያስከፍላል።

እንደገና፦ የውሻ ፍርሃት ነበረብኝ፤ ሕክምና ወስጄ ዳንኩ። በቅርቡ ቤት ስቀይር ግን አዲሱ ጎረቤት ውሻ ስላለው ፍርሃቱ ተመለሰብኝ። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ነበር?

መላሽ፦ አልነበረም። የድሮው ትምህርት አይፋቅም፤ በላዩ አዲስ ትምህርት ይጻፍበታል እንጂ። ማርክ ቡተን የተባለው ተመራማሪ በብዙ ሙከራዎች እንዳሳየው፣ አዲሱ ትምህርት ከተማርንበት ቦታ ጋር ይያያዛል፤ ቦታው ሲለወጥ የድሮው ብቅ ይላል። “እባብ ያየ በልጥ በረየ” የሚባለው ፍርሃት ከቦታ ቦታ፣ ከነገር ወደ ነገር በቀላሉ ስለሚሻገር ነው፤ ድፍረት ግን በየቦታው እንደ አዲስ መዘራት አለበት። በሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ዝርያ ውሻ ጋር፣ በሌላ ሰዓት ይለማመዱ። ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው ረጅም አይሆንም።

ደረጃ ወጪ፦ ተመልሻለሁ። በምሳ ሰዓት ከመሬት እስከ 1ኛ ፎቅ ስድስት ጊዜ ሄድኩ። “አየር አጥሮኝ እወድቃለሁ” ብዬ ጽፌ ነበር፤ አልወደቅሁም። እህቴን በስልክ እያነጋገርኩ ስለነበር ብዙም አልከበደኝም።

መላሽ፦ በጣም ጥሩ። እህትዎ ምርኩዝ ናቸው። ነገ ስልኩን ኪስዎ ውስጥ አድርገው ይድገሙት።