የድሮ ሂሉክስ ላይ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ መግጠም፦ ጠይቁኝ

ሂሉክሴ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮዋ ወርዶ ባለ 5 እንደገባላት ከተሰማ ወዲህ አዳማ ውስጥ የድሮ ፒክአፕ ያለው ሁሉ ያስቆመኛል። መንገድ ዳር ቆሞ ከማውራት እዚሁ በአንድ ላይ ብንጨርሰው ይሻላል። መኪናዋ በፈረንጅ 1982 የተሠራች ናፍታ ናት። ሞተሯ ኤል የሚባለው 2.2 ሊትሩ ነው፣ የምትነዳውም በኋላ እግር ብቻ። የገባላት ካምቢዮ ከ1990ዎቹ ባለ 2ኤል ሞተር ሂሉክስ ላይ የወረደ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጉልበት ጨመረች ወይ? እኔ ዕቃ ጭኜ ወደ አሰላ ነው የምመላለሰው።

አልጨመረችም። ጉልበቱ የሞተሩ ነው፣ ካምቢዮ ከየትም አያመጣልህም። በድሮው ካምቢዮ 4ኛ ማርሽ 1 ለ 1 ነው፣ ሞተሩ አንድ ሲዞር ኃይሉን ወደ ኋላ እግር የሚወስደው ረጅሙ ዘንግም አንድ ይዞራል። የአዲሱ 5ኛ 0.85 አካባቢ ነው፣ ማለትም ሞተሩ 0.85 ሲዞር ዘንጉ አንድ ይዞራል። ዲፈረንሻልህ (የኋላ እግሮቹን የሚያዞረው የጥርስ ሳጥን) 4.1 ከሆነና ጎማህ መደበኛው ከሆነ፣ በ80 ስትነዳ በ4ኛ በደቂቃ 2600 አካባቢ የሚዞረው ሞተር በ5ኛ ወደ 2200 ይወርዳል። ጥቅሙ ይሄው ነው። ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ናፍታ ትቆጥባለህ፣ ሞተሩም ትንፋሽ ያገኛል። አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ግሩም ነገር ነው።

አሰላ ግን ሌላ ነው። ከዴራ በኋላ ወደ ኢተያ ሽቅብ ስትይዘው ጭነት ካለህ 5ኛ መኖሩንም እርሳው። በ4ኛ ኃይሉ በቀጥታ ያልፋል፣ በ5ኛ ግን ካምቢዮው ውስጥ ባለው በታችኛው ዘንግ ዞሮ በጥርስ ላይ ነው የሚመጣው። በዳገት ላይ በ5ኛ እያስጨነቅክ ከነዳህ የምታሞቀው እነዚያን ጥርሶች ነው። ሥራህ በሙሉ አሰላ ከሆነ ገንዘብህን ለፍሬንና ለባሌስትራ አውለው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የትኛው ካምቢዮ ከየትኛው ሞተር ጋር ይሄዳል? ሶማሌ ተራ፣ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ጋ ስጠይቅ ሁሉም "ይገባል" ነው የሚሉኝ።

ሻጭ ምን ይበልህ ታዲያ! የቶዮታ ኤል ዘር ናፍታዎች፣ ማለትም ኤል፣ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል፣ ከካምቢዮ ጋር የሚታሰሩበት የቡሎን አቀማመጥ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከእነዚህ የአንዱ ካምቢዮ ከሌላው ሞተር ጋር ይታሰራል። የቤንዚኑ 22አር ግን አቀማመጡ ሌላ ነው። ለእሱ የተሠራ ካምቢዮ ናፍታ ላይ አይቀመጥም፣ የፊቱ ቤት ተፈትቶ በናፍታው ካልተተካ በቀር። አንዳንዱ ካምቢዮ የፊት ቤቱ ይፈታል፣ አንዳንዱ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተቀለጠ ነው። ሳታይ ብር አትቁጠር።

ጥያቄ፦ የዶልፊን ሚኒባስ ካምቢዮ ርካሽ አግኝቻለሁ። እሱም 2ኤል ነው፣ አይሆንም?

ፊቱ ይታሰራል። ችግሩ ማርሹ ላይ ነው። የሚኒባስ ሹፌር ሞተሩ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ማርሹን የሚመታው ከሩቅ ነው። ፒክአፕ ላይ ደግሞ ዱላው በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ይሰካል። እሱን ለማስተካከል ሌላ የሂሉክስ ካምቢዮ ገዝተህ መፍታት ሊኖርብህ ነው። እንግዲያው ርካሽነቱ የቱ ላይ ነው? ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ካምቢዮው ሳይገጠም ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መሬት ላይ ተቀምጦ እያለ ብዙ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ የማፍሰሻውን ቡሎን አስፈታ። አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ላይ ማግኔት አለ። ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ከያዘ ጤና ነው፣ ያረጀ ካምቢዮ ሁሉ ይይዘዋል። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ካየህ የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች (ማርሽ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርጉት) እያለቁ ነው፣ ነሐስ ማግኔት ስለማይዘው ዘይቱን በጨርቅ ላይ አንጠባጥበህ በፀሐይ እየው። ስባሪ ብረት ካለ ሰላምታ ሰጥተህ ሂድ። ዘይት ጨርሶ ከሌለውና ሻጩ "ለመጓጓዣ አፍስሰነው ነው" ካለህ ይሁን እሺ፣ ግን ጣትህን ቀዳዳው ውስጥ ከተህ ጠርገህ አውጣና ጣትህን ተመልከት።

ቀጥሎ የፊቱን ዘንግ በእጅህ እያዞርክ ሁሉንም ማርሽ አስገባ፣ የኋላንም ጭምር። በየማርሹ የኋላው ዘንግ ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። የፊቱን ዘንግ ግራና ቀኝ ስትነቀንቀው ትንሽ ቢጫወት አትደንግጥ፣ ጫፉን የሚደግፈው ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ስለሆነ አሁን ድጋፍ የለውም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚጫወት ከሆነ ግን ኩሽኔታው አልቋል። 5ኛውን ደጋግመህ ሞክረው። ብዙዎቹ የድሮ ቶዮታዎች ላይ 5ኛው ለብቻው ከኋላ ነው ያለው፣ ዘይት አጉድሎ የተነዳ ካምቢዮ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ይጋለጣል።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮኑስ? የድሮው ይሠራል ወይስ ከካምቢዮው ጋር ልግዛ?

ሸራው (የፍሪሲዮኑ ሳህን) ከካምቢዮው ጋር ይስማማል፣ ሸራውን የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት ደግሞ ከቮላኖው (ሞተሩ ጀርባ ላይ ካለው ከባዱ መንኮራኩር) ጋር ይስማማል። ይቺን ከያዝክ አትሳሳትም። የሸራው መሃል ያሉት ጥርሶች ከካምቢዮው የፊት ዘንግ ጥርሶች ጋር በቁጥርም በውፍረትም እኩል መሆን አለባቸው፣ ቁጠራቸው፣ ከዚያ በእጅህ አስገብተህ አንሸራትተው። የውጭ ስፋቱ ደግሞ ቮላኖህ ላይ ካለው ፕሬዠር ፕሌት ጋር ይለካ። የሚገፋው ኩሽኔታና ሹካው ከፕሬዠር ፕሌቱ ቁመት ጋር ካልገጠመ ፔዳሉ ወይ አይለቅም ወይ ጫፉ ላይ ብቻ ይይዛል።

ካምቢዮው ወርዶ እያለ ሸራውን፣ የሚገፋውን ኩሽኔታ፣ የቮላኖውን ትንሽ ኩሽኔታና የሞተሩን የኋላ ፓራውልዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ) አዲስ አድርግ። "ገና ይሠራል" የሚል መካኒክ አትስማ፣ ሁለተኛ ማውረጃ የእጅ ዋጋ የምትከፍለው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ እኔ ባለ 4x4 ነው ያለኝ። ያንተ ዓይነት ካምቢዮ ይገባልኛል?

አይገባም። የኋላ እግር ብቻ የሚነዳ መኪና ካምቢዮ የኋላው ዘንግም ሽፋኑም ሌላ ነው፣ ትራንስፈሩን፣ ማለትም ኃይሉን ለፊት እግርም የሚያካፍለውን ሳጥን፣ የሚያስርበት ቦታ የለውም። አንተ ካምቢዮውን ከነትራንስፈሩ ከአንድ መኪና ላይ የወረደ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ረጅሙ ዘንግ ተቆረጠ ወይ? አንድ ሰው ቆርጦ መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረበት።

አዎ፣ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ አይገጥምም። የሚለካው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ክሪክ ላይ ሰቅለህ ከለካህ ዲፈረንሻሉ ወደ ታች ይንጠለጠላልና ልኩ ይዋሻል። የሚንሸራተተው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከዚያ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ እንዲቀር አድርገህ ለካ፣ ባሌስትራው ሲጨመቅ ዘንጉ መሄጃ ይፈልጋል።

ከመቆረጡ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በኖራ ቀጥ ያለ መስመር አስምርበት። ሲበየድ መስመሩ ካልገጠመ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ክሮቸራዎች (ዘንጉ የሚታጠፍባቸው መጋጠሚያዎች) አቅጣጫቸው ይዛባል። ያ ሰው ላይ የደረሰው ይሄ ሳይሆን አይቀርም፣ ወይ ደግሞ ባላንስ አላስደረገውም። ቶርኖ ቤት ወስደህ ቀጥ ማለቱን ሳታስለካ አትግጠም። በ70 እና በ80 የሚጀምር መንቀጥቀጥ ውሎ አድሮ የካምቢዮውን የኋላ ፓራውልዮና ኩሽኔታ ይበላል።

ጥያቄ፦ የኔ አውቶማቲክ ፒክአፕ ናት፣ ከዱባይ የመጣች። ወደ ማንዋል ማዞር እፈልጋለሁ።

እህቴ፣ ይሄ ሰፋ ያለ ሥራ ነው። ቮላኖ ያስፈልግሻል፣ አውቶማቲክ ላይ ያለው ስስ ሳህን ነው፣ ቡሎኖቹም ሌላ ናቸው። ለካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚሆነው ትንሽ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ አልተገጠመም። የፔዳል ስብስቡ፣ የላይኛውና የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ፣ ቱቦው፣ ሁሉም ይገዛል። ኤሌክትሪኩም አለ፣ አውቶማቲክ የሚነሳው ፓርክ ወይም ገለልተኛ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፣ ያ ሽቦ ካልተስተካከለ ሞቶሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ዝም ይልሻል። የኋላ ማርሽ መብራትም እንዲሁ። የሚቻል ከሆነ የተጋጨ ማንዋል መኪና ፈልጊና ሁሉንም ከእሱ ላይ አውርጂ። ዕቃ በዕቃ እየለቀሙ መግዛት ኪስ ያራቁታል፣ ካምቢዮው ራሱ እኮ ከጠቅላላ ወጪው ቀላሉ ነው።

ጥያቄ፦ ሊብሬ ላይ ችግር ያመጣል?

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ነው፣ ሁለቱንም አልነካሁም። የካምቢዮውን ሱፖርት ለማስቀመጥ ሻንሲ ላይ መበየድ ካስፈለገ ግን አስቀድመህ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ። እኔ የድሮውን መስቀለኛ ብረት ወደ ኋላ ገፍቼ በቡሎን ነው ያሰርኩት፣ የብየዳ ሽታ አልነካትም።

ጥያቄ፦ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይዋሽም?

5ኛ ስለተጨመረ አይዋሽም። የሚቆጥረው ከካምቢዮው የኋላ ዘንግ ነው፣ ያ ዘንግ ከጎማው ጋር ያለው ዝምድና አልተለወጠም። የመጣው ካምቢዮ ሌላ ዲፈረንሻል ከነበረው መኪና ከሆነ ግን የቆጣሪው ትንሽ ጥርስ ይለያል። ከድሮው ካምቢዮ ፍታና ወደ አዲሱ አዛውር።

ጥያቄ፦ ሲገጠም ምን እንዲጠነቀቁ ልንገራቸው?

ካምቢዮውን በሸራው ላይ አንጠልጥለው እንዳይተዉት፣ ሸራው ይጣመማል። ሸራውን መሃል ለማስያዝ የድሮ ካምቢዮ የፊት ዘንግ ካለ እሱን ይጠቀሙ። የካምቢዮው ፊት ከሞተሩ ጀርባ ጋር በእጅ ተገፍቶ ካልገጠመ በቡሎን ስቦ ማስገባት የለም፣ የፊቱ ቤት አሉሚኒየም ስለሆነ ጆሮው ይሰነጠቃል። መኪናውንም በክሪክ ብቻ አይመኑ፣ ከሥር ጠንካራ እንጨት ወይም መቆሚያ ይግባ።

ጥያቄ፦ ዘይት የቱን?

ውፍረቱ 75ደብሊው-90፣ ደረጃው ጂኤል-4 የሆነ የካምቢዮ ዘይት። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም ለነሐስ ቀለበት አይመቸውም ይባላልና እኔ ለዲፈረንሻል ብቻ ነው የማደርገው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ በመሙያው ቀዳዳ እስኪፈስ ሙላ። ትንሽ ጊዜ ከነዳህ በኋላ አንዴ አፍስሰህ ማግኔቱን እየው፣ ከዚያ እንደገና በመሙያው ቀዳዳ እስኪፈስ ሙላ።