ገመና ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ

አሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ ወገኖቼ፣

ከትምህርት ቤት ተደውሎ «ልጅዎ ሰው እጎዳለሁ ብሏልና ይምጡ» ሲባል ያለውን ድንጋጤ አውቀዋለሁ። ለወላጆች ላስተርጉም ስገባ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አብዛኛው ወላጅ «የኔ ልጅ እንዲህ አይልም» ይልና ዝም ይላል። ገመናችን አይውጣ ብሎ ነው። እዚህ ላይ ግን የሚጎዳን ዝምታው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ኮሎራዶ ውስጥ ኮለምባይን በሚባል ትምህርት ቤት ከደረሰው የተኩስ ጥቃት በኋላ፣ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የሚጠብቀው ሲክሬት ሰርቪስና የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር 37 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ከአሥሩ ጥቃት በስምንቱ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበረ። የሚያውቀውም በአብዛኛው ጓደኛ፣ የክፍል ልጅ ወይም ወንድም ነው። «አጥቂ ማለት እንዲህ ያለ ልጅ ነው» የሚያሰኝ አንድ መልክ ግን አልተገኘም። ስለዚህ የሚታየው ልጁ ያለው፣ የጻፈውና የሚያደርገው ነገር ነው።

ትምህርት ቤቱ ሲጠራችሁ የምታገኙት፣ የልጁን ዛቻ የሚመረምረው የዛቻ ምዘና ቡድን የሚባለውም ሥራው ይኸው ነው። የቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች። ርዕሰ መምህር፣ አማካሪና ሳይኮሎጂስት ይቀመጣሉ፤ ፖሊስም ይኖራል። ፖሊሱን ስታዩ አትደንግጡ፣ ስብሰባው ፍርድ ቤት አይደለም። በንዴት ያመለጠ ቃል ነው ወይስ የታሰበበት የሚለውን ነው የሚለዩት። አብዛኛው በንዴት የተባለ ሆኖ ይገኛል። ነገሩ ወደ ወንጀል ካዘነበለ ግን መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ።

ልጃችሁ እንዳያስተረጉም አደራ። ነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ልጅ ስለ ራሱ የሚወራውን እያስተረጎመ፣ እናት ግማሹን ብቻ ሰምታ ስትወጣ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል።

ከዚያ ያያችሁትን ሁሉ ለቡድኑ ንገሩ። በሩን ዘግቶ መዋል ጀምሯል? እንቅልፍ አጥቷል? የሚያበሽቁት ልጆች አሉ? ከተጠኑት አጥቂዎች ብዙዎቹ በሌሎች ሲንገላቱ የቆዩ ነበሩ። ይህን ካወቁ እርዳታው ቶሎ ይጀመራል።

ቤታችሁ መሣሪያ ካለ ደግሞ ጥይቱን ለይታችሁ ሁለቱንም ቆልፉ። በዚያው ጥናት አብዛኞቹ አጥቂዎች መሣሪያውን ያገኙት ከራሳቸው ወይም ከዘመድ ቤት ነው።

ልጆቻችንን ስናሳድግ ማሳበቅ ነውር ነው እንላለን። ጓደኛው ሰው ወይም ራሱን ሊጎዳ ሲያስብ ለአዋቂ መንገር ግን ማሳበቅ አይደለም። ይህን ዛሬ ማታ ለልጃችሁ ንገሩት። አንድ ቀን መጥቶ የሰማውን ሲነግራችሁ ደግሞ አትቆጡት፣ ስልኩንም አትቀሙት። ከቀማችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም።