የሴል ጉተታ በምን ሚዛን ይለካል?

በዚህ እትም ሦስት ጥያቄ መርጠናል። አንዱ ከኮምቦልቻ፣ ሁለቱ ከደሴ ናቸው። ጠያቂዎቹ ባይተዋወቁም የጠየቁት ነገር ዘመድ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና ክፍል ነው የምሠራው። የክር ውጥረት መለካት የየቀን ሥራዬ ነው። ታናሽ ወንድሜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ይማራል። ለበዓል መጥቶ «ሴል እኮ ይጎትታል፣ ጉልበቱንም ይለኩታል» አለኝ። በዓይን የማይታይ ነገር ላይ ማን ሚዛን ያስራል? እየቀለደብኝ ነው?

መልስ፦ አልቀለደም ወንድሜ። እንዲያውም የመልሱ ግማሽ አንተው እጅ ላይ ነው። መለኪያህን አስበው፤ ክሩ በሦስት ትንንሽ መዘውሮች ያልፋል፣ የመሃሉ ስፕሪንግ ላይ ተቀምጧል፣ ክሩ በተወጠረ ቁጥር ይገፋዋል። መለኪያው ጉልበቱን አላየውም። ያየው ስፕሪንጉ ስንት እንደገባ ነው። ሰኞ ገበያ የሚንጠለጠለው ባለመንጠቆ ሚዛንም ያው ነው፤ በርበሬው ሲሰቀል ስፕሪንጉ ይለጠጣል፣ ቀስቱ ይወርዳል፣ አንተም ትከራከራለህ። ሴሉም ጋ የተደረገው ይኸው ነው። ችግሩ ለእሱ አቅም የሚመጥን ስስ ስፕሪንግ ማግኘት ነበር።

የመጀመሪያው መላ በጣም ደስ ይለኛል። የተፈላ ወተት ላይ የሚቀመጠውን ስልባቦት ታውቀዋለህ፤ በጣትህ ጫፍ ትንሽ ሳብ ስታደርገው ይሸበሸባል። በ1980 እ.ኤ.አ. አልበርት ሃሪስና ባልደረቦቹ ፈሳሽ ሲሊኮንን ለአፍታ ነበልባል አስነክተው ላዩ ላይ እንደዚያ ያለ ስስ ቆዳ አበጁ፣ ከዚያ ሴሎችን አሳረፉበት። ሴሎቹ ሲጎትቱ ቆዳው ሲሸበሸብ በማይክሮስኮፕ ታየ። በቃ፣ ሴል እንደሚጎትት በዓይን ተረጋገጠ። ግን ከሽብሽባት ላይ ስንት እንደጎተተ በቁጥር ማውጣት ከባድ ነው፤ ጨርቅህ ተጨማዶ ብታየው ክሩ ስንት ግራም እንደተወጠረ መናገር እንደማትችለው።

ስለዚህ ሽብሽባቱ ቀርቶ ዶቃ መጣ። ጥንካሬው አስቀድሞ የተለካ ለስላሳ ጄል ያዘጋጃሉ፣ ውስጡ ብርሃን ሲመታቸው የሚያበሩ ደቃቅ ዶቃዎች ይበትናሉ፣ ሴሉን ላዩ ላይ ያስቀምጣሉ። ሴሉ ጄሉን ቆንጥጦ ወደ ራሱ ሲስብ ዶቃዎቹ አብረው ይሳባሉ። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሴሉን በኢንዛይም ያስለቅቁታል፣ ዶቃዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ሁለተኛ ፎቶ። የሁለቱ ፎቶ ልዩነት የስፕሪንግህ ቀስት መሆኑ ነው፤ የቀረው ሒሳብ ነው፣ እሱን ለኮምፒውተር እንተወው። ጄሉን ትተው እንደ ብሩሽ ፀጉር በተደረደሩ የጎማ ምሰሶዎች ላይ ሴሉን የሚያቆሙም አሉ። እዚያ የሚለካው የምሰሶው መታጠፍ ነው።

መጠኑን ልንገርህ። መቶ ግራም ስኳር መዳፍህ ላይ ብታስቀምጥ የሚጫንህ 1 ኒውተን ገደማ ነው። የሴል ጉተታ የሚቆጠረው በናኖኒውተን ነው፤ ያን 1 ኒውተን ለቢሊዮን አካፍልና አንዷን ውሰድ። ሴሉ ውስጥ ያለው ማዮሲን የሚባለው ሞተር ደግሞ (ጡንቻህን የሚያኮማትረው ያው ዘመዱ ነው) አንድ ለአንድ ሲታይ ጉልበቱ ጥቂት ፒኮኒውተን ነው። ፒኮ የናኖ አንድ ሺኛ ነች።

አሁን ላንተ ሙያ የሚቀርበው። ሴሎች ተያይዘው ሕብረ ሕዋስ ሲሆኑ ከሥር ጄል ማስገባት ሁሌ አይቻልም። ያኔ ምን ያደርጋሉ? ይቆርጣሉ። የተወጠረ ድር ሲበጠስ ጫፎቹ ወደኋላ እንደሚፈናጠሩት ሁሉ፣ በጥቃቅን ሌዘር የሁለት ሴሎችን ድንበር ሲቆርጡት ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ በቶሎ የሸሸው የበለጠ ተወጥሮ ነበር ማለት ነው። ግን ጥንቃቄ አለው፤ ዙሪያው ወፍራምና የሚያጣብቅ ከሆነ በደንብ የተወጠረውም ቀስ ብሎ ነው የሚሸሸው። ስለዚህ ይህ ዘዴ ይህኛው ከዚያኛው ይበልጣል ለማለት እንጂ ቁርጥ ያለ ኒውተን ለመናገር ብቻውን አይበቃም። ይህን የሚዘነጉ ጽሑፎች ሲያጋጥሙኝ እናደዳለሁ።

ሴሉ ይህን ሁሉ የሚጎትተው ለምን ይመስልሃል? አንዱ ምክንያት መዳሰስ ነው። የተቀመጠበትን ነገር ሳብ እያደረገ ጥንካሬውን ያውቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሠሩ ሰዎች ከአጥንት መቅኔ የወጡ ግንደ ሴሎችን (ገና ምን ዓይነት ሴል እንደሚሆኑ ያልለየላቸውን) በተለያየ ጄል ላይ አሳደጉ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ ያደጉት የነርቭ መልክ፣ መካከለኛው ላይ ያሉት የጡንቻ፣ ጠንካራው ላይ ያሉት የአጥንት መልክ መያዝ ጀመሩ። ምግባቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለያየው መኝታቸው ነው።

ጥያቄ፦ የምጽፍልሽ ከደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። አባቴ የጉበት ቫይረስ አለበት ተብሎ አዲስ አበባ ወስደነው በመሣሪያ ተለካ። «9.4» የሚል ወረቀት ሰጡን እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላብራራልንም። ዘጠኝ ምንድን ነው? ደግሞ ጠዋት ጭኮ በልቶ ነበር የሄደው፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ በመጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። ኪሎፓስካል ነው፤ የጉበቱ የጥንካሬ መጠን ማለት። መሣሪያው የጎን አጥንቶች መሃል ቆዳውን ኳ ያደርጋል፣ ንዝረቱ ጉበት ውስጥ ይጓዛል፣ በአልትራሳውንድ ፍጥነቱን ይከታተላል። የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሞክሪው፤ ላላ ያለውን ብትመቺው ሞገዱ እየተንቀራፈፈ ይሄዳል፣ የተወጠረው ላይ ሽው ይላል። ጉበትም ጠባሳ ሲበዛበት ይጠነክራል፣ ንዝረቱም ይፈጥናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የጥንካሬው ቁጥር አራት እጥፍ ያድጋል፤ በሰከንድ 1 ሜትር ከሆነ 3 ኪሎፓስካል ገደማ፣ 2 ሜትር ከሆነ 12።

ጭኮው ግን አዎ፣ ችግር አለው። ምግብ ሲበላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ጾሞ መለካት ያለበት። ጉበቱ በዚያን ሰሞን ተቆጥቶ ከነበረም፣ ልቡ ደም በደንብ ካልገፋም ቁጥሩ ይጨምራል። ይህን ስልሽ 9.4ን ናቂው ማለቴ አይደለም። ቫይረስ ላለበት ሰው ችላ የሚባል ቁጥር አይደለም፣ በሱ ብቻ ግን አይፈረድም። ለሐኪሙ በልቶ እንደነበር ንገሩት፣ ባዶ ሆዱን እንደገና ይለካ፣ ከደም ምርመራው ጋር አብሮ ይታይ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ደሴ። ሴል ሲነካ በምን ያውቃል?

መልስ፦ አንዱ መንገድ በር ነው። ሽፋኑ ላይ ሲወጠር የሚከፈት በር አለ። ቤሩት የተወለደው አርደም ፓታፑቲያንና ባልደረቦቹ ሴሎችን በቀጭን ብርጭቆ እየነኩ፣ ከ72 ተጠርጣሪ ጂኖች አንድ በአንድ እያጠፉ ፈለጉት። አንዱ ሲጠፋ ሴሉ መነካቱን ማወቅ አቆመ። ያ ጂን የሚሠራውን በር ፒዬዞ 1 አሉት፣ 2010 እ.ኤ.አ. ነው። በ2021 ፓታፑቲያን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጠመዝማዛውን ስትወጣ ፊኛህ ሞልቶ ሾፌሩን «አቁምልኝ» ለማለት ስትቁነጠነጥ ዘመዱ ፒዬዞ 2 ሥራ ላይ ነው። እሱ የሌላቸው ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ሽንት ቤት የሚሄዱት ሰዓት አይተው ነው።